መመለሻው ቧንቧ

ሌሊቱን ከዜሮ በታች ወርዶ ያደረበት ጠዋት ነበር። ወደ እማዬ ክፍል ስገባ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ወንበሯን ሙቅ ውሃ ወደሚዞርበት የብረት ማሞቂያ፣ ወደ ራዲያተሩ አስጠግታ፣ መዳፏን ጫፉ ላይ አሳርፋ አገኘኋት። «በርዶሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ ደህና ነኝ። ይሞቃል እኮ፣ ይኸው እዚህ ጋ» ብላ ቦታውን አሳየችኝ። እጇ ያረፈው ቧንቧው ወደ ራዲያተሩ በሚገባበት ጥግ ላይ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ጥግ ከስንዝር አያልፍም። የቀረው ብረት እንደ ግድግዳው ቀዝቅዟል።

ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ 14 ዲግሪ ይላል። ሳሎኑ በዚያው ሰዓት 23 ነበር። እኛ ታች ሞቀን ብለን መስኮት ገርበብ አድርገን ስናመሽ እሷ ላይ ቤት ካፖርት ለብሳ ታድራለች።

ያንን ክፍል ለእናቴ የመረጥኩላት ከመንገዱ ራቅ ስለሚልና ጸጥታ ስላለው ነው። የማሞቂያውን ቧንቧ መስመር የነደፍኩትም እኔ ነኝ። ቧንቧውን የገጠመልን ሰው በወረቀቴ ላይ ያየውን ነው የሠራው፤ ሥራው ንጹሕ ነበር፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ስለዚህ የዚያ ክፍል ቅዝቃዜ የእኔ ነው። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ዓመት አልፏል፤ እጇ ያረፈበት ቦታ ግን ከዓይኔ አልጠፋም። «ይሞቃል እኮ» ያለችው እኔ እንዳልከፋ ብላ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው

ቤቱን ስናድስ ወለሉን ነቅለን በነበረበት ሰሞን ሁሉም ነገር ለዓይን የተገለጠ ነበር። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ከዳር እስከ ዳር ይታያሉ። ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚታጠፍ ጣት ቀስሮ ማሳየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ዕድል ለአንድ ቤት በብዙ ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። እኔ ዕድሉን የተጠቀምኩበት አጭሩን መንገድ ለመፈለግ ብቻ ነበር።

ማታ ማታ ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግቼ አሰምር ነበር። ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ታች ጓዳ ውስጥ ነው። ከእሱ ሁለት ባለ 15 ሚሊሜትር የመዳብ ቧንቧዎች ይነሳሉ፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። ጎን ለጎን ሆነው ታች ያሉትን ሦስት ራዲያተሮች ያዳርሳሉ፣ ደረጃውን ተከትለው ይወጣሉ፣ ላይ ያሉትን አራቱን ደግሞ በተራ ይነካሉ። በየደረሱበት በቲ፣ ማለትም በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሰባተኛውና የመጨረሻው የእማዬ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ደስ ይል ነበር፤ ጎሚቶ (የቧንቧ መታጠፊያ) አልበዛበትም፣ ቧንቧ አልባከነበትም፣ መሰርሰር ያለበት እንጨትም ጥቂት ነው።

ቁጥር ግን አልነበረበትም። እያንዳንዱ ክፍል በብርድ ሌሊት ስንት ዋት ያጣል? ያንን ለመተካት በደቂቃ ስንት ሊትር ሙቅ ውሃ ይፈልጋል? ያን ያህል ውሃ በዚህ ውፍረት ያልፋል? አንዱንም አልጠየቅሁም። የራዲያተሮቹን መጠን የመረጥኩት በክፍሉ ስፋት ነው፤ ሰፊ ክፍል ትልቅ፣ ጠባብ ክፍል ትንሽ። መሄጃውን በቀይ እርሳስ ተጠንቅቄ ስዬ፣ መመለሻውን የእሱ ጥላ አድርጌ በሰማያዊ አስከተልኩት። ስለ ሰማያዊው መስመር አንድም ቀን ቆሜ አላሰብኩም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሙሉ ትርጉሙ የገባኝ ግን ጣውላው ተመልሶ ከተመታ፣ ቀለሙም ከደረቀ በኋላ ነው።

«ስድስቱን ዝጋቸው»

በራሴ የሞከርኩት ሁሉ ነገሩን አባሰው። መጀመሪያ አየር ይዞት ይሆናል ብዬ የራዲያተሩን ማስተንፈሻ ከፈትኩ። ወዲያው ውሃ ወጣ፤ አየር የለም። አስተውዬ ቢሆን ኖሮ መክፈትም አያስፈልገኝም ነበር። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አየር የያዘው ራዲያተር ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ታቹ ይሞቃል። ከታች መሃሉ ላይ ብቻ ከቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ዝቃጭ ተኝቶበታል። የእማዬ ግን ውሃው በሚገባበት ጥግ ሞቆ ሌላው ሁሉ ቀዝቅዟል፤ ይህ የሚሆነው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ሲደርስ ነው።

ቀጥሎ የፓምፑን ፍጥነት ጨመርኩ። ሳሎን ያለው ራዲያተር ማፏጨት ጀመረ፤ የእማዬ ክፍል ግማሽ ዲግሪ እንኳ አልጨመረም። የቦይለሩን ሙቀት ከፍ አደረግሁ፤ ሳሎን 25 ገባ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ባለሙያ ለመንኩ። ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መጡ። መሣሪያ ያለበትን ቦርሳቸውን በሩ ሥር አስቀመጡት እንጂ አልከፈቱትም። እማዬን ሰላም ብለው፣ ራዲያተሯን በእጃቸው መዳፍ ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱና «የሌሎቹን ስድስቱን ዝጋቸው» አሉኝ።

ቤቱን ዞሬ ሁሉንም ዘጋሁ። ተመልሼ ስመጣ ከእማዬ ጋር ተቀምጠው ያወጋሉ። ብዙም አልቆየ፤ ራዲያተሩ መንቋቋት ጀመረ፤ ብረት ሲሞቅ የሚያሰማው ያ ቀጭን ድምፅ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከላይ እስከ ታች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እጅ የማያስቀምጥ ሆነ። እማዬ ካፖርቷን አወለቀች። ካፖርቱን ስታወልቅ ያየሁበትን ቅጽበት እስካሁን አልረሳውም፤ ደስታም ሐፍረትም አንድ ላይ ነው የተሰማኝ። ሙቀቱ ቤቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ቦይለሩም ፓምፑም ራዲያተሩም ደህና ናቸው። ቧንቧውም አልተዘጋም።

«አየህ ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «ውሃው መምጣት ይችላል። ለምን እንደማይመጣ ደግሞ ታች ወርደን እንየው።»

ሁሉንም መልሰን ከፈትን፤ ውሃው እስኪረጋጋ ጠበቅን። ከዚያ ሳሎን ወስደው ከመጀመሪያው ራዲያተር አጠገብ አንበረከኩኝና የቀኝ እጄን በመሄጃው ቧንቧ ላይ፣ የግራ እጄን በመመለሻው ላይ አስያዙኝ። ሁለቱም ያቃጥላሉ። ልዩነት አላገኘሁባቸውም። ቴርሞሜትር ሲያስጠጉበት አንዱ 68፣ ሌላው 65 ሆነ።

«ይኼ ውሃ እዚህ ቤት ምን ሠራ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ምንም። በበሩ ገብቶ በጓሮ በር ወጣ። ሙቀቱን እንደተሸከመ ወደ ቦይለሩ እየተመለሰ ነው። አሁን እናትህ ጋ እንሂድ።» ላይ ወጥተን ተመሳሳዩን አደረግን። መግቢያው ሞቅ ብሏል፤ መመለሻው ግን እጄን አቀዘቀዘው። «ይቺ ደግሞ የደረሳትን ጠብታ እስከ መጨረሻው ጨምቃ ነው የምትልከው። ስትነድፍ መሄጃውን ቆጥረሃል፤ መመለሻውንስ?»

ያን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። በማሞቂያ ሥራ የሚያታልለው ይኼ ነው፤ ራዲያተር ሲሞቅ ደስ ይለናል፣ ውሃው ሄዶ ደረሰ እንላለን። ውሃው ምን ያህል ሙቀት እንደተወ የሚናገረው ግን የሚመለስበት ቧንቧ ነው። ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። አንድ ራዲያተር 1500 ዋት ሰጥቶ ውሃው 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ እንዲመለስ ከተፈለገ በደቂቃ 2 ሊትር ከሩብ የማይሞላ ውሃ ይበቃዋል። ሳሎን ያለው ግን 3 ዲግሪ ብቻ ነበር የሚቀዘቅዘው። በዚያ ልዩነት ያንኑ 1500 ዋት ለመስጠት በደቂቃ 7 ሊትር ያህል እየዋጠ ነበር። ከድርሻው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የሌሎቹን ውሃ ወሰደ፣ ክፍሉን ግን ያን ያህል የበለጠ አላሞቀውም። የእማዬ ውሃ ያለቀው እዚያ ነው።

ውሃ በቀለለው መንገድ ይሄዳል። ፓምፑ አጠገብ ያለው ራዲያተር መንገዱ አጭር ነው፣ ሄዶ መመለሱ ጥቂት ሜትር ነው። ሰባተኛው ደግሞ ከሃያ ሜትር በላይ ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ አለበት። ማንም ካልከለከለው ውሃው ለምን ሩቁን ይመርጣል? ፓምፑን ማፍጠኔም የረዳው ያንኑ ቅርቡን ነበር።

የወፍራም ቧንቧ ምሥጢር

ጋሼ በዚያው ቀን የየራዲያተሩን የመመለሻ ቫልቭ ክዳን እያነሱ መመጠን ጀመሩ። ይህ ቫልቭ ብዙ ሰው የማይነካው ነው። በአንዱ ጎን ያለው ቁጥር የተጻፈበት ቴርሞስታቲክ ቫልቭ የክፍሉን ሙቀት እያየ ራሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሌላው ጎን በክዳን የተሸፈነው ግን አንዴ ተመጥኖ የሚተው ነው። የሳሎኑን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ሩብ ዙር ብቻ ከፈቱለት። ቀጣዩን ትንሽ ጨመሩለት፣ ሦስተኛውን ከዚያ በላይ። አንዱን ሲነኩት ሌላው ይቀየራልና ደጋግሞ መዞር ያስፈልጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ቴርሞሜትራቸውን ይዘው ላይና ታች ሲመላለሱ ዋሉ።

ማታ የእማዬ ክፍል 17 ገባ። ከ14 ተነስቶ ነውና ትልቅ ነገር ነው። ግን ከ17 አላለፈም።

ምክንያቱን ወረቀት ላይ ቁጭ ብለን አሰላነው። ሰባቱ ራዲያተሮች ተደምረው 9 ኪሎዋት ይፈልጋሉ። ውሃው 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይመለስ ካልን በደቂቃ 13 ሊትር ገደማ መዞር አለበት። እኔ ያንን ሁሉ በአንድ ባለ 15 ሚሊሜትር ቧንቧ ላይ ጭኜዋለሁ። የዚህ ቧንቧ ውስጡ 13.6 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ቀዳዳ 13 ሊትር ለማሳለፍ ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ያህል መሮጥ ይኖርበታል። እንዲህ ባሉ ቀጭን ቧንቧዎች ከ1 ሜትር እንዳያልፍ ነው የሚመከረው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ ይሰማል፣ የግጭቱም ኃይል ፓምፑን ይበላዋል። ሲያፏጭ የሰማሁት ይህንን ነበር።

ባለ 22 ሚሊሜትር ቢሆንስ? የሚጨምረው 7 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ጣት ስፋት ያነሰ። ያው ውሃ ግን በ0.7 ሜትር ፍጥነት ረጋ ብሎ ያልፋል፤ በየሜትሩ የሚገጥመው መቋቋም ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። በ1840ዎቹ ደም በቀጫጭን ሥሮች እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲመራመር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፑአዜይ ያገኘው ነገር ነው መሠረቱ። ፈሳሹ በቀስታ ሲሄድ የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ሲጠብ መቋቋሙ 16 እጥፍ ይሆናል። በማሞቂያ ዋና ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ውሃው እየተናወጠ ስለሚሄድ ከዚያም ይብሳል። ዓይናችን ቧንቧን የሚለካው በውጪው ውፍረት ነው፤ ውሃው የሚያውቀው ውስጡን ብቻ ነው።

ይህን ሳውቅ ትዝ ያለኝ ከቤቱ ያወጣናቸው አሮጌ የብረት ቧንቧዎች ናቸው። የእጅ አንጓ የሚያክሉ፣ ሁለት ሰው የሚሸከማቸው። ሲጣሉ «ምን ዓይነት ብክነት ነው» ብያለሁ። ለካ ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ ፓምፕ አልነበረውም። ሙቅ ውሃ ስለሚቀል ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ስለሚከብድ ይወርዳል፤ ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው ይህ የክብደት ልዩነት ብቻ ነበር። በ80 ዲግሪ የሚወጣና በ60 ዲግሪ የሚመለስ ውሃ በአንድ ሜትር ከፍታ የሚፈጥረው ግፊት 110 ፓስካል ገደማ ነው፤ የአንድ ሴንቲሜትር ውሃ ከፍታ ብቻ። በዚህች ቅንጣት ግፊት ውሃ ቤቱን ሁሉ ዞሮ እንዲመለስ መንገዱ ሰፊ፣ ዝንባሌው የተጠና፣ መታጠፊያው ጥቂት መሆን ነበረበት። እነዚያ ሰዎች የመመለሻውን መንገድ ሳይቆጥሩ አንድ ክፍል እንኳ ማሞቅ አይችሉም ነበር። የእኔ ፓምፕ ያንን ጥንቃቄ አስረስቶኛል።

ጥግ ላይ ያለ ክፍል

ሁለተኛው ስህተቴ ራዲያተሩ ራሱ ነው። የእማዬ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሰጥቼዋለሁ። ክፍሉ ግን የቤቱ ጥግ ላይ ነው፤ ሁለት ግድግዳው ከውጭ ብርድ ጋር ይገናኛል። ሙቀት መከላከያ የሌለው የጡብ ግድግዳ ውስጥና ውጭ በሚለያዩበት በእያንዳንዱ ዲግሪ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 ዋት ያህል ያሳልፋል። የክፍሉ የውጭ ግድግዳ 18 ካሬ ሜትር ነው። ውስጡ 20፣ ውጭው ከዜሮ በታች 5 ሲሆን ልዩነቱ 25 ዲግሪ ነው፤ በግድግዳው ብቻ 900 ዋት ይሄዳል። መስኮቱና ጣሪያው፣ በስንጥቅ የሚገባውም ነፋስ ሲደመር 1400 ይደርሳል። ከሱ በእጥፍ የሚሰፋው የመሃለኛው ክፍል በሦስት በኩል በሞቁ ክፍሎች ተከቧልና የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። እኔ ለሰፊው ትልቁን፣ ለጠባቡ ትንሹን ሰጥቼ ነበር።

በዚያ ላይ ራዲያተሩ ላይ የተጻፈው 1200 ዋት በቤታችን 1200 አልነበረም። ያ ቁጥር የሚለካው ውሃው በ75 ገብቶ በ65 ሲወጣ፣ ክፍሉም 20 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ማለትም ራዲያተሩ ከክፍሉ በአማካይ 50 ዲግሪ ሲበልጥ። እኛ በ65 ነበር የምንልከው። ልዩነቱ ወደ 40 ሲወርድ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። 900 ዋት ይዤ 1400 ከሚያጣ ክፍል ጋር ነበር የምታገለው።

«ታዲያ ውሃውን 75 አድርገን እንላከው» አልኳቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዛሬ ጋዝ ቦይለሮች ቁጠባቸው የሚመጣው ከጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሲጤዝ በሚለቀው ሙቀት ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል። ውሃው ሞቆ ከተመለሰ ቦይለሩ ያንን ሙቀት በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ወደፊት ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከውጭ ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ፣ ይገባል ከተባለማ ነገሩ ይብሳል፤ እሱ ውሃውን ለብ አድርጎ ነው የሚልከው፣ ልዩነቱም 5 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ያንኑ ሙቀት ለማድረስ እጥፍ ውሃ መዞር አለበት። ቀጭን ቧንቧ ዛሬ ቢያጣብቅ ያኔ ጨርሶ ይከለክላል። እንግዲህ እዚህም የደረስነው ወደዚያው ወደ ሰማያዊው መስመር ነው።

ወለሉን እንደገና

ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ባለቤቴ ናት የቆረጠችው፤ «እሷ 17 ላይ ስታድር እኔ ወለል ተነሳ አልተነሳ ብዬ አላለቅስም» አለች። ጠቅላላውን አልነቀልነውም። ከጓዳው እስከ ደረጃው ያለውን ኮሪደርና የላይኛውን መተላለፊያ ብቻ ከፈትን።

አዲሱ ንድፍ እንዲህ ሆነ። ከቦይለሩ የሚነሱት ሁለቱ ዋና ቧንቧዎች 22 ናቸው። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ጥንድ ለታች፣ አንዱ ለላይ። የላይኞቹ ክፍሎች ደረጃውን ከበው የተቀመጡ ስለሆነ ዋናው ቧንቧ እንደ ቀለበት ይዞራቸዋል። ወደየራዲያተሩ የሚገባው አጭር ቅርንጫፍ ብቻ ነው 15።

ቀለበቱ ላይ ጋሼ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መመለሻውን ከመሄጃው ጎን አላስኬዱትም። ከመጀመሪያው ራዲያተር አስነስተው መሄጃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አስከተሉት፤ ሁሉንም አዳርሶ ከመጨረሻው በኋላ ነው ወደ ቦይለሩ የሚወርደው። ሙቅ ውሃ መጀመሪያ የሚደርሰው ራዲያተር ውሃውን የሚመልሰው በረጅሙ መንገድ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ በአጭሩ። ሄዶ መመለሱ ሲደመር ለአራቱም እኩል ይሆናል። በጀርመናዊው መሐንዲስ በቲሽልማን ስም ነው የሚጠራው። ብዙ ቤት ውስጥ ተጨማሪ ቧንቧ ስለሚጠይቅ አይመረጥም፤ ክፍሎቹ ክብ ሠርተው በተቀመጡበት ቤት ግን ትርፉ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። እኔ ያንን ወለል ወር ሙሉ ተከፍቶ እያየሁት ክብ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችንም በዚያው ተማርኩ። መዳብ 10 ሜትር ርዝመት ኖሮት 50 ዲግሪ ሲሞቅ 8 ሚሊሜትር ይረዝማል። በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ጠብቆ ከተያዘ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይንቋቋል፤ ሌሊት ያሳብዳል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርገን ቧንቧውን በለስላሳ ጨርቅ ጠቀለልነው። አግዳሚውን እንጨት ከላዩ አለመቦርቦር፣ መሃሉን መብሳት፤ ከላይ የተቆረጠ እንጨት ይደክማል፣ ቧንቧውም ለምስማር ይጋለጣል። ፕላስቲክ ቧንቧ የሚጠቀም ሰው ኦክስጅን የማያሳልፈውን ዓይነት ይምረጥ፤ ተራው ቀስ እያለ አየር ያስገባል፣ ራዲያተሩም ከውስጥ ዝጎ ያንን ጥቁር ዝቃጭ ያመርታል። ከፍ ባለው ቦታ ሁሉ ማስተንፈሻ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ሁሉ ማፍሰሻ። ቴርሞስታቲክ ቫልቮቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢዘጉ ፓምፑ መተንፈሻ እንዳያጣ አንዱን ራዲያተር ያለ ቴርሞስታት መተው ወይም ሌላ ማለፊያ መስጠት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣውላው ከመመለሱ በፊት ሲስተሙን በግፊት ሞልቶ ማሳደር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። ማታ የግፊት መለኪያውን መርፌ ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግን፤ ጠዋት መርፌው ከምልክቱ ላይ አልተነቃነቀም። ከዚያ ሜትር ዘርግቼ ከየግድግዳው ያለው ርቀት እንዲታይ እያደረግሁ እያንዳንዱን መታጠፊያና እያንዳንዱን ቲ ፎቶ አነሳሁ። ከእኔ በኋላ ያንን ወለል የሚከፍት ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው።

የእማዬ ራዲያተር ተቀይሮ 2000 ዋት የሚል ገባላት፤ በእኛ ሙቀት 1500 ያህል ይሰጣል። ከመስኮቱ ሥር ነው ያቆምነው፤ ከመስታወቱ ላይ እየቀዘቀዘ የሚወርደው አየር ወለሉን ተከትሎ እግሯ ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲያገኘው። መጀመሪያ በሩ አጠገብ የነበረው ቧንቧው እንዲያጥር ብዬ ነበር።

ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ብርዱ ተመለሰ። ማታ ገብቼ ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ 20። እማዬ ተኝታለች፤ ካፖርቷ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እንዳልቀሰቅሳት ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ቧንቧዎች ያዝኩ። መሄጃው ያቃጥላል። መመለሻው እጅ ያስቀምጣል።

ጓዳው ውስጥ፣ ከቦይለሩ በላይ፣ ጋሼ የመጠኑት ቫልቭ ሁሉ ስንት ዙር እንደተከፈተ የጻፍኩበት ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ቀን ማንም ሰው ራዲያተር ለመቀየር ቢዘጋቸው መልሶ እንዲያገኛቸው። ሳሎን፦ ሩብ ዙር። ምግብ ቤት፦ ግማሽ። መታጠቢያ ቤት፦ ግማሽ። መሃለኛው መኝታ ቤት፦ አንድ ዙር። ሁሉንም ጽፌ ስጨርስ ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት፤ የመጨረሻውን መስመር ሲያዩ እርሳስ ጠይቀው ከሥሩ አሰመሩበት። የእማዬ ክፍል፦ ሙሉ በሙሉ ክፍት።